ክልስ ቡችላ በወለጋ፦ ከደሙ የሚገኘውና ከአሳዳጊው የሚጠበቀው

በነቀምቴ ጨለለቂ ግቢ አጥሮ የሚኖር ሰው ለቤቱ ቡችላ ሲያፈላልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ክልስ ነው?» ብሎ ነው። በጊምቢም፣ በሻምቡም፣ በደምቢ ዶሎም ጥያቄው ይኸው ነው። ክልስ የሚባለው እናቱ የአገራችን ውሻ ሆና አባቱ «የፈረንጅ» የሆነው ነው፤ አባትየው አብዛኛውን ጊዜ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ወይም ነው ይባላል። ገዢው ከእናት ወገን ጥንካሬን፣ ከአባት ወገን ግዝፈትንና ግርማን አንድ ላይ አገኛለሁ ብሎ ያስባል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚቆርጠው በአባትየው ስም ነው። እኔ ግን የአባት ስም ከሚገባው በላይ ዋጋ ተሰጥቶታል፣ የመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት አያያዝ ደግሞ ጨርሶ ተረስቷል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ማስረጃውን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

የወለጋ ሰው ስለ ማዳቀል ያለው እውቀት ከውሻ የመጣ አይደለም፤ ከላም የመጣ ነው። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ማዳቀል የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ጊደር ስትወልድ ከሆሮ እናቷ እጅግ የበለጠ ወተት ሰጠች። ክልሶቹ እርስ በርስ ሲራቡ ግን ተከታዩ ትውልድ ወተቱ ወረደ። ምክንያቱ ይታወቃል። የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱም ወገን እኩል እኩል ይወርሳል፤ በአንዱ ወገን የተደበቀውን ጉድለት የሌላው ወገን ጤናማ ዘር ይሸፍነዋል። በሁለተኛው ትውልድ ያ ሽፋን ይበተናል። ከባኮ ሌላም ትምህርት ነበረ፤ ክልሷ ላም ብዙ መኖ፣ ደረቅ በረትና ሐኪም ትፈልጋለች፣ ያንን ካላገኘች ከሆሮዋ እናቷ ብሳ ትገኛለች። ገበሬው በላሟ ላይ ይህን በገዛ ኪሳራው ተምሮታል። ወደ ውሻ ሲመጣ ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

በውሻ ላይ የተደረገውና ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ ምርመራ የጆን ፖል ስኮትና የጆን ፉለር ነው። ሁለቱ በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ለዓመታት ሠርተው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ካዳቀሏቸው ውሾች አንዱ ከኮንጎ ተፋሰስ የመጣው ባሴንጂ ነው፤ እንደ እኛው ውሻ ከሰው ጋር እየኖረ ራሱን ችሎ የዘለቀ የአፍሪካ ውሻ። ሌላኛው ኮከር ስፓኒየል የተባለው ጸጉረ ረጅም የፈረንጅ ውሻ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ቡችሎች በጸጉራቸው ባሴንጂውን መሰሉ፤ አጭር ጸጉር ረጅሙን ይጫናልና። የአምስት ሳምንት የባሴንጂ ቡችላ የሰው እጅ ሲቀርበው ይሸሻል፣ ሲይዙት ይታገላል፤ ክልሶቹም በዚህ ጠባይ ወደ ባሴንጂው አደሉ። ስለዚህ ክልስ በሁሉም ነገር መሀል ላይ የሚቆም ፍጡር አይደለም። አንዳንዱ ጠባይ ከነሙሉው ከአንድ ወገን ይመጣል። አባቱ ገራም ስለሆነ ቡችላውም በግማሽ ገራም ይሆናል ብሎ መገመት በዚህ ምክንያት አያዋጣም። ደግነቱ የባሴንጂዎቹ ሽሽት በየቀኑ ሰው ሲይዛቸው እየለዘበ ሄዷል። ሁለተኛው ትውልድ ግን ዝንጉርጉር ነበር፤ ከአንድ እናት አንዱ ኮከርን፣ አንዱ ባሴንጂን፣ ሌላው ማንንም የማይመስል።

ስለ ጤናም የተጣራ ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት 24 በዘር የሚተላለፉ የውሻ በሽታዎችን መርምሮ ነበር። አሥሩ በንጹህ ዘሮች ላይ በዝተው ተገኙ። አንዱ፣ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ በድቅሎቹ ላይ በዛ። በቀሩት 13 በሽታዎች ልዩነት አልታየም፤ ከእነዚህም አንዱ ጀርመን ሼፐርድን የሚያሽመደምደው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 100,000 የሚጠጉ ውሾችን የዘር ምርመራ ያየው ሌላ ጥናት ደግሞ ከድቅሎቹ በሽታው ሊወጣባቸው የሚችሉት ከመቶ ሁለት፣ ከንጹሆቹ ከመቶ አምስት ያህል መሆናቸውን አሳየ። ግን ከመቶ 40 ያህሉ ድቅሎች ቢያንስ አንድ የበሽታ ዘር ደብቀው ተሸክመዋል። እርግጥ እነዚህ የአሜሪካና የአውሮፓ የቤት ውሾች ናቸው፣ የእኛ የመንደር ውሻ ልጆች አይደሉም። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ክልሱ ከአባቱ የተደበቀ ጉድለት ይወርሳል፣ እናቱ ትሸፍንለታለች፤ ወንድሙ ከእህቱ ሲራባ ሽፋኑ ይነሳል። በየሰፈሩ «ሁለቱም ክልስ ናቸው፣ እርስ በርስ እናራባቸው» የሚባለው ልማድ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክልሱ እውነት ክልስ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሴት ውሻ ወንድ የምትቀበለው ለብዙ ቀናት ነው። በዚያ ሰሞን ከሦስት ወንዶች ጋር ብትገናኝ የአንድ ጊዜ ልጆቿ ሦስት አባት ሊኖራቸው ይችላል። ማታ ማታ በር ተከፍቶ ውሻ በሚለቀቅበት ሰፈር ይህ የዘወትር ነገር ነው። አንዱ ቡችላ የሼፐርዱ፣ ወንድሙ የጎረቤቱ ቢጫ ውሻ ልጅ ሆነው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ስለዚህ ገዢ የአባትየውን ፎቶ አሳዩኝ ከሚል እናቲቱ ወንድ በፈለገችባቸው ሦስት ሳምንታት የት ተዘግቶባት እንደነበር ቢጠይቅ ይሻለዋል። መልሱ ከዘገየ ዋጋውም ይቀነስ።

የእናትየው ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ደቃቃ የመንደር ውሻን ከእጅግ ግዙፍ ወንድ ጋር ማገናኘት በምጥ ጊዜ ችግር ሊያመጣ ይችላል። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። በብርቱ እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ሌላ ቡችላ እንዳለ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ የእንስሳት ሐኪም መጠራት አለበት። እንደ ልማዳችን «ውሻ ራሷ ትወልዳለች» ብሎ መተው የአገሬው ውሻ የአገሬውን ልጅ ስትወልድ ይሠራ ይሆናል፤ ለተዳቀለው ሁልጊዜ አይሠራም።

አሁን ወደ አስተዳደጉ። ቡችላው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንገር መጥባት አለበት፤ በሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከዚያ ነው፣ ሰዓቱ ካለፈ አንጀቱ ያንን ማሳለፍ ያቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል የተኛበት ቦታ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀረበ መሆን አለበት። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ረጅምና እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ በበረንዳ ሲሚንቶ ላይ የተወለደ ቡችላ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በብርድ ነው። ደረቅ ገለባ፣ ጆንያ፣ ነፋስ የማይገባው ጥግ፤ ወጪ የለውም። ዓይን ከ10 እስከ 14 ቀን ይገለጣል። ቡችላ በአሥር ቀን የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ካላደረገ ወይ እናቲቱ ወተት አንሷታል፣ ወይ እሱ ታሟል። የትልቅ አባት ልጆች ቶሎ ያድጋሉና እናቲቱን ይጨርሷታል። ስታጠባ ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ መብላት አለባት፤ አጥንቷ ገጥጦ ቡችላው ወፍሮ ማየት የመልካም አያያዝ ምልክት አይደለም።

በአራተኛው ሳምንት ለስለስ ያለ ምግብ ይጀመራል፣ ጡት በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ይተዋል። ገበያ ላይ ግን ቡችላ በወሩ ይሸጣል፤ ድንቡሽ ያለና የሚያሳሳ የሚሆነው ያኔ ነውና። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ የሚቆይባቸው እነዚያ ተጨማሪ ሳምንታት ንክሻውን መመጠን የሚማርባቸው ናቸው። በወሩ የተነጠለ ውሻ ኋላ የልጅ እጅ ሲነክስ «ክልስ ስለሆነ ነው» ይባላል።

ስለ ትልና ስለ ክትባት የሚነገረው የተሳሳተ ነገር አንድ ምንጭ አለው፤ «የአገር ውሻ አይታመምም፣ ክልሱም ከእናቱ ወርሷል» የሚለው። መንገድ ላይ የምናየው ጎልማሳ የአገር ውሻ ከሞት የተረፈው ነው። ከእሱ ጋር የተወለዱት አምስቱ ወይም ስድስቱ በቡችላነታቸው የት እንደደረሱ ማንም አይቆጥርም። ጥንካሬ የምንለው በከፊል የሞቱትን አለማየታችን ነው። ክልሱ የሚወርሰው የእናቱን ዘር ነው፤ ፓርቮ የተባለውን የቡችላ በሽታ ግን ዘር አይከላከለውም፣ ክትባት ይከላከለዋል።

የውሻ ክብ ትል ከእናቲቱ ወደ ጽንሱ በማኅፀን ያልፋል። ቡችላው ሲወለድ ትል ይዞ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የትል መድኃኒት በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። ግቢ ውስጥ አፈር የሚጫወት ሕፃን ላለበት ቤት ይህ የውሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትሉ እንቁላል በልጅ ሆድ ሲገባ እጩ ዓይን ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ፓርቮ ዓለምን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ነው፣ በጥቂት ቀናት ይገድላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቡችላ በሞተበት ግቢ ወዲያው ያልተከተበ ቡችላ ማስገባት ሁለተኛ መቅበር ነው። ወለሉ በበረኪና ይታጠብ። ዲስተምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታም እንዲሁ ገዳይ ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ተጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። መደጋገሙ የሐኪም ገበያ አይደለም። ከእንገር የተገኘው መከላከያ ክትባቱንም ስለሚያጠፋው፣ ያ መከላከያ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ለእያንዳንዱ ቡችላ ስለማይታወቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋ ቡችላ ተከትቧል አይባልም። ለነቀምቴ ሰው ሌላም ጣጣ አለ፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአውቶቡስ ወንበር ሥር በፌስታል የመጣ ብልቃጥ ውኃ ነው። በረዶ ሳጥን ያለው ክሊኒክ መምረጥ፣ ወይም ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ ያዋጣል።

ከዚህ በታች ያለውን የውጭ አገር የውሻ መጽሐፍ አይነግራችሁም። የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ አገር ናቸው። ዝንቡ የሚያስተላልፈውና ከብት የሚያከሳው ገንዲ ውሻንም ይይዛል፤ ለውሻ እንዲያውም ከከብት ይከፋል። ከርከሮና ዝንጀሮ ከበቆሎ እንዲያባርር ብሎ ከደጋ ከተማ ክልሱን ወደ ቆላ እርሻ የሚወስድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ውሻው ይተኩሰዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ፊቱና እግሩ ያብጣል፣ ዓይኑ ላይ እንደ ወተት ያለ ጭጋግ ይወጣል። ሰው ዓይኑን ነካው ብሎ ቅባት ይቀባዋል። መድኃኒቱ ለከብት የሚሸጠው ዲሚናዚን ነው፤ በውሻ ላይ ግን በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በዓይን ግምት ከተወጋ አንጎሉን ይመታዋል። ውሻው ተመዝኖ፣ በሐኪም እጅ ብቻ።

አይቨርሜክቲንም እንደዚሁ ነው። ለመዥገርና ለእከክ ብሎ የከብቱን መርፌ ለቡችላ የሚወጋ ብዙ ነው። በኮሊና በአውስትራሊያን ሼፐርድ፣ አልፎ አልፎም በጀርመን ሼፐርድ ዘር ውስጥ ይህን መድኃኒት ወደ አንጎል የሚያስገባ የዘር ጉድለት አለ፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የአገራችን ውሻ የቻለውን መጠን ክልሱ ላይችለው ይችላል። ክልስ መሆን ጉዳት የሚያመጣበት አንዱ ግልጽ ቦታ ይህ ነው። ሙጃሌ ደግሞ ከሰው እግር ባልተናነሰ በውሻ መዳፍ ውስጥ ይራባል፤ ቡችላው ሲያነክስ መጀመሪያ የእግሩን ሥር ማየት ይገባል። የቤቱ አፈር ወለል ካልታጠበና ካልጸዳ የልጆቹም እግር አይድንም። በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ በደሌ ላይ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ፤ ከመንደር ወሬ በፊት እነዚህን መጠየቅ ይቻላል።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የማይሰጠውን ማወቅ ይበልጣል። ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራል። እንጀራው ጥሩ ነው፣ የወጡ ድልህ ግን ይቅር። የሻገተ በቆሎ «ለውሻ ይሆናል» ተብሎ ይፈጫል፤ የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ጉበቱን ይገድለዋል። የቡና አገር ነንና፣ ቡና ለውሻ መርዝ መሆኑም ይታወቅ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም አጥሮት እግሩ ይጎብጣል። ከሁሉ የከፋው ግን በበዓል ግቢ ውስጥ ሲታረድ ውኃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ነው። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ በጸጉሩና በእዳሪው ወደ ሰው ይመለሳል፣ በሰው ጉበትም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ያ ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ጠባዩን በተመለከተ፣ ስኮትና ፉለር ያረጋገጡት ትልቁ ነገር ከዘር ይልቅ ስለ ጊዜ ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ወቅት ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ በዚያ ወቅት ሰው ያልለመደን ውሻ በኋላ ማስለመድ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቡችላው ልክ በዚያ ዕድሜው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቀን ተዘግቶ ማታ ይለቀቃል፣ «እንዲከፋ» ነው። የሚወጣው ግን ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባንም፣ ውኃ የሚቀዳውን ልጅም፣ ባለቤቱንም ሳይለይ ይነክሳል። ጥሩ ጠባቂ ማን እንግዳ፣ ማን ቤተኛ እንደሆነ የለየ ነው፤ ለመለየት ደግሞ ሰው ማየት አለበት። ጆሮ መቁረጡም እንዲሁ ከንቱ ነው። የሼፐርድ ጆሮ እንዲቆም ተብሎ በምላጭ የተቆረጠ ቡችላ ቁስል ብቻ ያተርፋል፣ ቁስሉም ለዝንብና ለእጭ በር ይከፍታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። በዓለም በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በውሻ ንክሻ ነው፣ ኢትዮጵያም ክፉኛ ከሚጠቁት አገሮች አንዷ ናት። አንድ ከተማ በሽታውን ለመቁረጥ ከውሾቹ ከመቶ 70 ማስከተብ አለበት። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ሰውየው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዕፅም ጠበልም ጤና ጣቢያውን አይተኩም፤ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

የሴት ቡችሎችን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ወንዶቹ ይሸጣሉ፣ ሴቶቹ በካርቶን ተደርገው ወንዝ ዳር ወይም ገበያ ጥግ ይጣላሉ። ከእነሱ የተረፉት ያድጋሉ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳሉ፣ ኋላ ማዘጋጃ ቤቶች በመርዝ ውሻ ሲያስገድሉ እናያለን። የተገደሉት ቦታ በዓመቱ በሌሎች ይሞላል። ያልተከተበ የሚንከራተት ውሻ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ባሌ ላይ ታይቷል። በዌብ ሸለቆ ወንድ ውሾች ከቀይ ቀበሮ እንስቶች ጋር ተዳቅለው አፈሙዘ አጭር፣ ገላቸው ደልደል ያለ ክልሶች መወለዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የዘር ጥናት አረጋግጧል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ከውሾቹ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ፤ ዲስተምፐርም ተከተለው። ዛሬ በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ እነሱም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ይሰጣቸዋል። በዙሪያቸው ያሉ የገበሬ ውሾችም ይከተባሉ፤ ቀበሮው የሚድነው ውሻው ሲጠበቅ ነውና።

ስለዚህ ክልስ የምታሳድጉ የጨለለቂና የሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ነዋሪዎች፣ ክልሶቹን እርስ በርስ አታራቡ። ሌላ ክልስ ካስፈለገ ጤነኛዋ የአገር ውሻ እናት አሁንም አለችና ወደ እሷ ተመለሱ። ሴቷን ቡችላ አትጣሏት፤ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስመክኗት፣ ከወንዱ ያልተናነሰ ቤት ትጠብቃለች። ቡችላውን በስምንት ሳምንቱ ተቀበሉ፣ የክትባት ወረቀቱንም ከሻጩ እጅ ሳትወስዱ ገንዘብ አትቁጠሩ።